እታለምና ሽንት ቤት ያለው መኪና

ፈረንጅ አገር፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ «እታለም» ሲባል «የቷ? ማንኪያ ይዛ የምትዞረው?» የማይል የለም። እሷው ናት። ሰው ቤት ስትጠራ የራሷን ማንኪያ በነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትሄደው። ጋባዧ «ውይ እታለም፣ ማንኪያ እኮ ሞልቶናል» ስትላት፣ «አይ፣ ሐኪም አዞኝ ነው» ትላለች። እስቲ የትኛው ሐኪም ነው ማንኪያ የሚያዘው!

ኮልፋክስ መንገድ ላይ ባስ ስትሳፈር አትቀመጥም። ብረቱንም አትይዝም። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ወዲያ ወዲህ ስትላጋ ትታያለች፤ ብረቱን ግን ሞታ ነው የምትነካው። አንዴ ክርስትና ላይ አንድ ሰውዬ ወጡ ላይ አስነጠሰ። ከእሷ በቀር ያየ የለም። ዝም ብላ ሰሃኗን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ያንን ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ባየችው ቁጥር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትስባለች። ስድስት ዓመት ሆነው። እሱ ምስኪን ጨዋነቷ ይመስለዋል።

ጉዱ ግን ይሄ አይደለም። ጉዱ ሥራዋ ነው። ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ አንድ የሽማግሌዎች መጦሪያ አለ፤ እታለም እዚያ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ከሥራቸው ትጠርጋለች። ወጣቶቹ ሠራተኞች አፍንጫቸውን ይዘው ከሚሸሹት ክፍል እሷ ጓንቷን አጥልቃ መዝሙር እያንጎራጎረች ትገባለች አሉ። እዚያ አፍንጫ የላትም። ጓንቱን አውልቃ ደጁን ስትወጣ አፍንጫዋ ይመለሳል፤ ያውም የውሻ አፍንጫ ሆኖ።

«እንዴት ነው ነገሩ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «የታመመ ሰው ፈልጎ አያደርገውም» ትላለች። «እኔን የሚያስጠላኝ ጤነኛ ሆኖ የሚቆሽሽ ነው።» እንዲህ ስትል ደግሞ የፊት ለፊቷን ሰው ጥፍር ታያለች።

ባሏ በዛብህ ጥሩ ሰው ነው። ይሉኝታ የገደለው ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ሻንጣ ጫነ፣ ሻንጣ አወረደ። በመንገዱ ሁሉ እነዚያ ቤት የሚያካክሉ መኪኖች፣ አርቪ የሚሏቸው፣ ብስክሌት ከኋላቸው አንጠልጥለው ወደ ተራራው ሲያዘግሙ ያያል። አልጋው ውስጡ፣ ምድጃው ውስጡ፣ ባልና ሚስት ከፊት ቁጭ ብለው ቺፕስ እየቆረጠሙ። ይኼ ነገር ልቡ ውስጥ ገባ። ስልሳ ስድስት ሞልቶት፣ ጉልበቱም አልታጠፍ ብሎት ታክሲውን ሲመልስ፣

«እቱ፣» አላት፣ «እኔ ሰውን ሁሉ ወደ ዕረፍቱ ሳደርስ ነው ያረጀሁት። አሁን ተራዬ ነው።»

«ዕረፋ፣ ማን ከለከለህ። ሶፋው ያውልህ።»

«ሶፋ አይደለም የምልሽ። ሀይቅ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ አንቺና እኔ።»

«ትንኝ ከነወንድሞቿ!» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

እሱ ግን ሳይነግራት ገዛ። ኮሜርስ ሲቲ የሚሉት ሰፈር፣ መጋዘኖች ጀርባ፣ አንድ በከዘራ የሚሄዱ ፈረንጅ ሽማግሌ መኪናቸውን ይሸጣሉ ብለውት ሄደ። ሰውዬው ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው። ፀሐዩ እንደ እሳት ይፋጃል። ሽማግሌው እያነከሱ «ና፣ ከሥሯ ያለውን ላሳይህ፣ እጀታዎቹን፣ ጎማውን...» ሲሉት፣ በዛብህ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየ። አንጀቱ አልቻለም።

«ግድ የለም አባቴ፣ አይልፉ፣ አውቀዋለሁ» አለ።

ምኑን ነው የሚያውቀው? ታክሲ ነው የሚያውቀው! ሰውዬው ግን ደስ አላቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በዛብህ ቁልፉን ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና መኪናዋን እያስገመገመ ነዳት። መጀመሪያ የወሰዳት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጠበል ሊያስረጫት። አባ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ፤ ወዲያው አወጡት። አሳላቸው። «ይባርክ፣ ይባርክ» ብለው ከውጭ ረጭተው ሄዱ። በዛብህ ጉንፋን መሰለው።

እታለም መኪናዋን ደጇ ቆማ አየቻት። ወጣች፣ ገባች፣ ዞር ዞር ብላ አየች። አልጋው ደህና ነው። መጋረጃው ይታጠባል። ምድጃው ንጹሕ ነው። ከምድጃው ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ፣ አንዲት ቀጭን በር አለች። ከፈተቻት።

«በዛብህ!»

«አቤት እቱ።»

«ይኼ ምንድነው?»

«ሽንት ቤት ነዋ። ሁሉ ነገር አለው ብዬሽ የለ?»

«ወጡ እዚህ፣ ሽንቱ እዚህ?» እጇን ዘረጋች። አንዱ መዳፏ ምድጃው ላይ፣ ሌላው ሽንት ቤቱ በር ላይ። «ቂጣ እየጋገርኩ አንተን ላዳምጥህ ነው? እኛ አገር ሽንት ቤት ከቤት የሚርቀው ለምን ይመስልሃል? አባቶቻችን መሥራት አቅቷቸው ነው?»

ያኔውኑ ፕላስተር አምጥታ በሩን ሦስት ዙር ለጠፈችው። «እዚህ የሚቀመጥ ፍጡር ቢኖር፣ እኔና እሱ አንተዋወቅም» አለች። በዛብህም እሺ አለ። እዚያ ሳይቀመጥ ቀርቶ ማን ይሞታል?

ሽታው ግን አለ። ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ጠዋት ደከም፣ ከሰዓት ጠንከር ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እታለም ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ቀይራ እዚያች መኪና ውስጥ ትገባለች። በረኪና ብትል፣ ሎሚ ብትል፣ አቼቶ ብትል። ፍራሹን አወጣች፣ ምንጣፉን ገሸለጠች፣ መጋረጃውን ሁለት ጊዜ አጠበች። ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ ነገር አለ፣ ዓይኗን ወጋት፤ ጥልፍ ጨርቅ ሰቀለችበት። ሽታው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቶች መስኮት መዝጋት ጀመሩ።

«ትሸጣታለህ» አለችው።

«እቱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንወጣባት?»

እዚህ ላይ ስምረት አለች። ስምረት አስመራ ተወልዳ አማርኛ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር፣ ምላሷ ካራ የሆነ ሴት ናት። ከእታለም ጋር በቀን ሦስት ጊዜ ተጣልተው አራት ጊዜ ይታረቃሉ። ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብላ፣

«ለምን አትወራረዱም?» አለች። «አንድ ቀን እደሩባት። እታለምን ከሸተታት መኪናዋ ትሸጣለች፤ ካልሸተታት እታለም አርፋ ትቀመጣለች።»

በዛብህ ተነሣ። ፊቱ ልጅ መሰለ። «እመቤቴን! አንድ ቀን አድረሽ ከሸተተሽ ሳልውል ሳላድር እሸጣታለሁ። ካልሸተተሽ ግን፣ ልጃችን እስካለችበት፣ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ አብረሽኝ ትወርጃለሽ።»

«ስምረት፣ ሰምተሻል» አለች እታለም።

«ሰምቻለሁ። ምስክር ደግሞ ካላየ አይመሰክርም፤ እኔም አብሬያችሁ ነኝ።» ነገር ካለበት ቦታ እሷ ቀርታ ታውቃለች!

ልጃቸው መድሃኒት ከካሊፎርኒያ ደውላ ስትሰማ ሳቋ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። «ኦ ማይ ጋድ ማሚ፣ ጀስት ትራይ ኢት! ዳዲ ሶ ኤክሳይትድ ነው!»

«አንቺ ደግሞ እዚያው ሁነሽ ኤክሳይትድ ሁኚ» አለቻት እናቷ።

በሐምሌ፣ አርብ ከሰዓት፣ ፓርከር ሮድን ይዘው ወረዱ። በዛብህ ባርኔጣ አድርጓል። ጉልበቱ የዚያን ቀን አላመመውም። ከወንዝ ማዶ፣ አንድ ፓርክ ውስጥ፣ ሀይቅ ዳር፣ ዛፎች የተሰበሰቡበት ቦታ ተከራይቷል። ጫካ ነው ያሏት ቦታ እታለም ስትደርስ፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር አንድ አንድ መኪና፣ ከእያንዳንዱ መኪና ፊት አንድ አንድ ሆዱ የተገለጠ ፈረንጅ። ሣሩን አረንጓዴ ብላ ልትረግጠው ስትል ጎንበስ ብላ አየችው። የዝይ ኩስ ነው። ሣር መሀል ኩስ ሳይሆን፣ ኩስ መሀል ሣር። ባሏ «ሀይቁን እዪው» ብሎ ሲጠቁማት፣ ሕፃናት ይዋኙበታል፣ ከጎናቸው ውሻ ይታጠብበታል፣ ከውሻው ጎን ዝዮቹ ጭራቸውን ነክረው ሥራቸውን ይሠራሉ። አንዱ ሕፃን ውሃውን በአፉ ሞልቶ እንትፍ ሲል ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «እዚህ ሁለቱም የለም።»

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ድርብ ፕላስቲክ አነጠፈች። ከጎናቸው ያለችው ጎረቤት ባለ ውሻ ፈረንጅ ናት፤ ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ፀሐይ የጠበሳት፣ ደግ። ውሻዋ አፏን በሙሉ ይልሳታል፤ እሷ ደግሞ ትስቃለች፤ ከዚያ በዚያው አፏ «ዌልካም!» ብላ እታለምን ጉንጯን ልትስም መጣች። እታለም ወደ ኋላዋ ስትሸሽ የዝይ ኩስ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ «ቀዝቃዛ ነገር ጠጡ» ብላ ማቀዝቀዣዋን ከፈተችላቸው። ከቅቤው አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ ኩባያ። ኩባያው ውስጥ አፈር። አፈሩ ይንቀሳቀሳል። ትል!

«ለዓሣ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«ከቅቤው ጋር?» አለች ስምረት በአማርኛ። እታለም እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ሽታው ነው ዋናው። መኪናዋ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ስትቆም፣ ያ ቀጭን የነበረው ሽታ ወፈረ፣ ሰፋ፣ ሥጋ አበጀ። የበሰበሰ ጎመን አይደለም፣ የሞተ አይጥ አይደለም። ሰው ነው። እታለም ሃያ ዓመት የሠራችበት ነው፤ አትሳሳትም።

በዛብህም ገብቶታል። ምድጃውን አቀጣጥሎ ሽንኩርት መጥበስ ጀመረ። አምስት ራስ ሽንኩርት።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው።

«ምንም። መዓዛው ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ዘይት የለውም እኮ።»

«ያለ ዘይት ነው ደስ የሚለኝ።»

ሽንኩርቱ አረረ። ሽቶ ረጨ። መስኮት ሁሉ ከፈተ። ሽንኩርቱም፣ ሽቶውም፣ ያም ሽታ ተጋብተው ስም የሌለው ነገር ወለዱ። ስለ ሌሊቱ ባይወራ ይሻላል። መስኮቱ ቢከፈት ትንኝ፣ ቢዘጋ መርዝ። ሦስቱም እንደ ቆርቆሮ ዓሣ እንደተደረደሩ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት እታለም ፊቷን በራሷ ውሃ ታጥባ ወደዚያች ቀጭን በር ዓይኗን ወረወረች። ፕላስተሩ ጫፉ ተላጧል።

«ስምረት» አለች በቀስታ።

«ወይ።»

«ሌሊት ተነሥተሻል።»

«ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ይኼ ግን ትናንት ተለጥፎ ነበር።»

ስምረት አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ዋይ አነ! እኔ ነኝ? በስልሳ ሁለት ዓመቴ? ሌሊት ሙሉ እግሬን ቆልፌ የተኛሁት በማን ምክንያት ሆነና! አሁንም እንደያዘኝ ነው!»

«እንግዲህ በራሱ ጊዜ ነው የሸተተው።»

«ባልሽን ጠይቂው!»

«እኔ እዚያ ማዶ የፓርኩ ሽንት ቤት ነው የምሄደው» አለ በዛብህ ከደጅ። «ዝንቡ ሊሸከመኝ ደርሶ ነበር፣ እመኑኝ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት!» ጮኸች ስምረት። «እናንተ አልተቀመጣችሁ፣ እኔ አልተቀመጥኩ፣ ታዲያ ይኼ ከሰማይ ዘነበ?»

ጩኸቱ ባለ ውሻዋን ፈረንጅ አመጣት። ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አድርጋ፣ አንዴ በአፍንጫዋ ሳበችና፣ «ሀኒ፣ ታንከራችሁ ሞልቷል» አለች፤ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ። ገባች። ያንን ጥልፍ ጨርቅ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ አራት ቀያይ መብራቶች ቦግ ብለው በርተዋል። «ይኼው። እስከ አፉ ድረስ።»

«ምኑ ነው የሞላው?» አለች እታለም።

«የሽንት ቤቱ ነዋ። ከወለሉ ሥር ነው የሚጠራቀመው።»

«እኛ አልተቀመጥንበትማ! አንድም ቀን!»

ሴትዮዋ አሰብ አደረገችና ሳቀች። «እንግዲያው ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ነው። ሲሸጥላችሁ አላሳያችሁም?»

እታለም ቀስ ብላ ዞራ ባሏን አየችው። በዛብህ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሊያሳዩኝ ነበር» አለ። «እግራቸውን ያማቸዋል... ፀሐይ ነበር... እንዳይለፉ ብዬ...»

«እንዳይለፉ ብለህ።»

«ሽማግሌ ናቸው እቱ።»

«እሳቸው እንዳይቆሙ ብለህ፣ የማላውቃቸውን ሽማግሌ ዓይነ ምድር ሦስት ሳምንት ደጄ አቆምክ! እኔ ከላይ በረኪና ሳፈስ፣ ከሥር የሰውዬው ቁርስና እራት! እኔ እላዩ ላይ ተኛሁ! ቂጣ በላሁ!» ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ። «አባ! አባን ጠበል አስረጭተሃቸዋል!»

ስምረት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይታወቅም።

«ትሸጣለህ» አለች እታለም።

«እሸጣለሁ» አለ። ክርክር የለ፣ ልመና የለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወደ ሀይቁም አላየም። «ምያለሁ። ዛሬውኑ ፎቶ አንስቼ እለጥፋታለሁ።»

ባለ ውሻዋ ግን «እንዲህ አድርጋችሁ መንገድ ላይ አታውጧት፤ እዚያ መውጫው ጋ መድፊያ ቦታ አለ፤ ደፍታችሁ ሂዱ» አለች። መሄድ ግድ ሆነ።

መድፊያው ቦታ ሲሚንቶ መሬት ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ከጎኑ የውሃ ጎማ። ከኋላቸው አምስት መኪና ተሰልፏል። በዛብህ የቅዳሴ ሱሪውን እንደለበሰ ነው፤ ሌላ አልያዘም። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያለውን ሰፊ የጎማ ቱቦ አወጣ። አንዱን ጫፍ ወደ ቀዳዳው፣ ሌላውን ጫፍ መኪናዋ ላይ ገጠመ። ገጠምኩ ነው የሚለው። ጎማው ተሽከርክሮ ቀጭ ማለት አለበት፤ ያንን ማን አሳየው? ያ «አውቀዋለሁ» ያለው ነገር ይኼ ነው! እጀታውን ያዘና ሳበው።

ወጣ። ጎማው ተስፈንጥሮ ሲወድቅ፣ የሰውዬው የክረምትም የበጋም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ወረቀቱ እንደ ተልባ ሟሙቶ፣ ሞቅ ብሎ፣ አረፋ ደፍቆ፣ በዛብህን ከወገቡ በታች መታው። ጫማው ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ዳግም አልታጠፍ ስላለው ጎንበስ ብሎ እጀታውን መመለስ አልቻለም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፉ ሊገድበው ሞከረ። በጣቶቹ መሀል ይወጣል። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። አንዱ ጎረምሳ መስኮቱን ዘግቶ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዲት ሴት እዚያው ሣሩ ላይ አስመለሳት። ስምረት ዛፍ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በትግርኛ ትጸልያለች።

በዛብህ አልጮኸም። «እቱ አትምጪ» ብቻ አለ። «አትዪኝ።»

እታለም ከመኪናው ወረደች። ቦርሳዋን ከፈተች። ሰማያዊ ጓንት አወጣች፣ አጠለቀች፤ በላዩ ሌላ ደረበች። ሁለት ፌስታል ጫማዋ ላይ አሰረች። ከዚያ ቀጥ ብላ እዚያ ውስጥ ገባች። አፍንጫዋን አልያዘችም። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ስምረት በአንድ ዓይኗ አጮልቃ ስታይ፣ የማታውቃት ሴት መሰለቻት።

«ልቀቀው በዜ» አለችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። በሰላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ስንት ጊዜ እንዲያ እንዳናገረችው እሱ ይወቅ። «አይዞህ። አትንቀሳቀስ። እጅህን ከፊትህ አርቅ፤ እንዲያ። እኔ ይዤዋለሁ።»

እጀታውን መለሰች። ጎማውን አንሥታ ገጠመችው፣ አሽከረከረችው፣ ቀጭ አለ። እንደገና ሳበችው፤ አሁን ወደ ቀዳዳው ጉርጉር እያለ ሄደ። የውሃውን ጎማ ያዘችና ባሏን ከእንብርቱ ጀምራ ቁልቁል ታጥበው ጀመር። «ሱሪውን ወርውረው» አለችው፤ ወረወረው። «ጫማውን ጣለው» አለችው፤ ጣለው። ጡሩምባ ወደሚነፋው ሰውዬ ዞር ብላ፣ ጎማውን እንደያዘች፣ አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ጡሩምባው ቆመ።

ከዚያ ደግሞ ወደ መኪናዋ ዞረች። ታንከሩን ውሃ ሞላችው፣ ደፋችው። ሞላችው፣ ደፋችው። አምስት ጊዜ። ሲሚንቶውን አጠበች፣ ጎማውን አጠበች፣ የጎረምሳውን መኪና የፊት ጎማ ሳይቀር አጠበችለት። በመጨረሻ የወጣው ውሃ እንደ ምንጭ ጠራ። ሙቀት ጫፉን የላጠውን ፕላስተር ቦጭቃ ያችን ቀጭን በር ከፈተች፣ ክዳኑን አነሣች፣ አፍንጫዋን ወደ ጉድጓዱ አስጠግታ ሳበች። ቆየች። እንደገና ሳበች። ምንም የለም።

በዛብህ የስምረትን ነጠላ አገልድሞ ባዶ እግሩን መሪ ጨበጠ። ፓርከር ሮድ ላይ ወጡ።

«ሰኞ ትሸጣለች» አለ። «አንድ ልጅ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከታክሲ የማውቀው። ይገዛታል።»

«ዓሣ የሚያጠምድ?» አለች እታለም።

«አዎ።»

«ትሉን ማቀዝቀዣው ውስጥ ሊያስቀምጥ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሽንት ቤቱ ላይስ ይቀመጣል?»

«ገዝቶት አይቀመጥም እንዴ እቱ? ሰው አይደለም?»

እታለም መስኮቱን አየች። «እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለች። «በእጄ። አምስት ጊዜ። አገር ውስጥ እንደሱ የጠራ ሽንት ቤት የለም፤ ቤት ያለው እንኳ እንደዚያ አይጠራም። አሁን አንዱ ግም መጥቶ ሊቀመጥበት?»

«ምያለሁ እኮ!»

«ምለሃል።»

«መሐላ መሐላ ነው» አለች ስምረት ከኋላ። «በእመቤታችን ነው፤ ሰምቻለሁ። መሸጥ አለበት።»

«ማን አይሸጥ አለ?» አለች እታለም። «ይሸጣል። ለእኔ ይሸጣል።»

መኪናዋ ትንሽ ከመስመሯ ወጣ ብላ ተመለሰች። «ላንቺ?» አለ በዛብህ። «አንቺ መንዳት አትችዪም!»

«ነጂ እቀጥራለሁ። አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሥራ ፈት አውቃለሁ።»

ስምረት እየሳቀች ወንበሩን ደበደበችው። «ምስክር ነኝ! ምስክር ነኝ!»

ሰኞ ዕለት ታይትሉ፣ የመኪናዋ ባለቤትነት ወረቀት፣ በእታለም ስም ዞረ። ዋጋው አንድ ዶላር ነው፤ ብሩን በሶፍት ይዛ ሰጠችው፣ ሶፍቱን ጣለችው። ባለ መኪናዋ «እስከ ውቅያኖሱ እንወርዳለን» አለች፤ ሕግም አወጣች። ውሻ የሳመው ሰው አይገባም። ሽንኩርት ውስጥ አይጠበስም። ዓሣ የነካ እጅ፣ ከደጅ። ሽንት ቤቱ ላይ ከእታለም በቀር ማንም አይቀመጥም፤ ስምረት ግን ጉልበቷን ሲያማት፣ አስፈቅዳ፣ ቁጭ ሳትል። በዛብህ ወደ ፓርኩ ሽንት ቤት፣ ወደ ዝንቦቹ፣ እንደ ፊቱ ይሄዳል። ውቅያኖሱ ድረስ ስንት ዝንብ እንዳለ እሱ ይቁጠር።

በነሐሴ መጀመሪያ ጉዞ ሊወጡ፣ በዛብህ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ደረጃውን ሊወጣ እግሩን አነሣ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እታለም ከውስጥ። «የሰው ቤት ስትገባ ጫማ አታወልቅም?»